የትእዛዝ መጨረሻ የት ነው? የሪር አድሚራል ግሬስ ሆፐር ሕይወትና ሥራ

በብራና የተጻፈ የቆየ መጽሐፍ ገልጦ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ጸሐፊው የዓምዱ ስፋት ባለቀበት ላይ ቃሉን ከመካከሉ ቆርጦ የቀረውን ፊደል በሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ያሰፍራል። የቃሉን መቆረጥ የሚያመለክት ጭረት አያደርግም። ቢሆንም አንባቢው አይደናገርም፤ መስመሩ ያለቀው ቦታው ስላለቀ እንጂ ነገሩ ስላለቀ አለመሆኑን ያውቃልና። የቃልን ዳርቻ ሁለት ነጥብ፣ የዐረፍተ ነገርን ዳርቻ አራት ነጥብ ይነግረዋል። ሰው ይህን የተማረው ፊደል በቈጠረበት ዕድሜው ስለ ሆነ፣ ዕውቀት መሆኑን እንኳ ረስቶታል።

ለኮምፒዩተር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ትእዛዝ ከአንድ መስመር አልፎ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ሲዘልቅ፣ መኪናው ትእዛዙ አልቆ እንደ ሆነ ወይም ገና ቀሪ እንዳለው የሚያውቅበት ሕግ በሰው እጅ ተጽፎ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ሕጉ ጐደሎ ከሆነ፣ ወይም ትእዛዙን የጻፈው ሰው ሕጉን በአንዲት ነጥብ ያህል ከሳተ፣ መኪናው ያልታዘዘውን ይፈጽማል፤ አለዚያም የታዘዘውን ሳይፈጽም ቀሪውን ቃል እየጠበቀ ዝም ብሎ ይቆማል። ዛሬ ሼል በሚባለው የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ፊት ተቀምጦ የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል።

ይህ ችግር የራሱ ታሪክ አለው። ከታሪኩም ውስጥ ሰፊውን ክፍል በአንድ ሰው ሕይወት ተከትሎ ማየት ይቻላል። እኒህም ሰው የሒሳብ ሊቅና የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን የነበሩት ግሬስ ሆፐር ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

ልደትና ትምህርት

ግሬስ ብሩስተር መሪ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከሦስት ልጆች የመጀመሪያ ነበሩ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ በባሕር ኃይል ውስጥ እስከ አድሚራልነት ማዕርግ የደረሱ ሰው ነበሩ። ግሬስ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው አንዱን ፈቱ። መልሰው መግጠም ቢያቅታቸው ምሥጢሩን ለማግኘት ሁለተኛውን ፈቱ፤ ከዚያም ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እያሉ በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች በሙሉ ፈታትተው ተገኙ። እናታቸው ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ምርምሩን አልከለከሉም፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰዓት ብቻ እንዲወሰን አደረጉ እንጂ።

በ16 ዓመታቸው ወደ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ቢያመለክቱ በላቲን ቋንቋ ያገኙት ነጥብ ዝቅተኛ በመሆኑ አልተቀበሏቸውም። በማግሥቱ ዓመት ግን ተቀባይነት አግኝተው በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክተርነት ዲግሪ ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ፎስተር ሆፐር የተባሉትን መምህር አግብተው የሚታወቁበትን የቤተሰብ ስም ያገኙት በዚሁ ጋብቻ ነው። ጋብቻው በ1945 በፍቺ ተፈጸመ፤ ልጅም አልወለዱም። ከ1931 ጀምሮ በተማሩበት በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። የጃፓን አውሮፕላኖች በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን ባይደበድቡ ኖሮ፣ ምናልባት እስከ ዕለተ ሞታቸው በመምህርነት ይቈዩ ይሆናል።

ወደ ባሕር ኃይል

ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ሆፐር በባሕር ኃይል ለማገልገል ቈረጡ። ነገር ግን ሦስት እንቅፋቶች ነበሩባቸው። ዕድሜያቸው ለምልመላ ከሚፈለገው በላይ ነበር። ክብደታቸው 105 ፓውንድ፣ ይኸውም 48 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ በመሆኑ ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን በ15 ፓውንድ ያንስ ነበር። ከዚህም ሌላ የሒሳብ መምህርነት ለጦርነቱ ጠቃሚ ሥራ ተብሎ ስለ ተመዘገበ መልቀቂያ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሆፐር እንቅፋቶቹን አንድ በአንድ አስወግደው በልዩ ፈቃድ በዲሴምበር 1943 በባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ለሴቶች በተቋቋመው ክፍል ተመዘገቡ። በስሚዝ ኮሌጅ ይሰጥ የነበረውን የዕጩ መኰንኖች ሥልጠና በ1944 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ፈጸሙ፤ የሌተናንትነት ማዕርግም ተሰጣቸው።

የተመደቡበት ቦታ መርከብ ሳይሆን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ አንድ ምድር ቤት ነበር። በዚያም ፕሮፌሰር ሃዋርድ ኤይከን ያቀዱትና አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ የሠራው ማርክ 1 የተባለ ግዙፍ የስሌት መኪና ቆሞ አገኙት። መኪናው 51 ጫማ ርዝመትና 8 ጫማ ከፍታ ነበረው፤ ክብደቱም ወደ 5 ቶን ይጠጋ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ በአንድ ሴኮንድ መደመር የሚችለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ማባዛት 6 ሴኮንድ ያህል፣ አንድ ማካፈል ከ15 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበት ነበር። ኤይከን አዲሷን መኰንን ዕረፍት ሳይሰጡ ወዲያው አንድ የትሪጎኖሜትሪ ስሌት ሰጥተው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲያደርሱ አዘዟቸው። ሆፐር ስለ መኪናው ከዚያ በፊት የሰሙት ነገር አልነበረም።

በጥብጣብ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ

ማርክ 1 ትእዛዙን የሚቀበለው 24 የቀዳዳ ቦታዎች በጐን ከተሰለፉበት የወረቀት ጥብጣብ ነበር። በጥብጣቡ ላይ አንድ ረድፍ ማለት አንድ መስመር ነው። መስመሩም በሦስት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ክፍል ቍጥሩ ከየት እንደሚነሣ፣ ሁለተኛው ወዴት እንደሚሄድ፣ ሦስተኛው ምን እንደሚደረግ ያመለክታል። መደመር በአንድ መስመር ሊፈጸም ይችላል። ማባዛት ግን በአንድ መስመር አያልቅም። አንደኛው መስመር የሚባዛውን ቍጥር ወደ ማባዣው ይልካል፤ ሌላው አባዡን ያቀርባል፤ ሌላው ደግሞ ውጤቱን ተቀብሎ በቦታው ያኖራል። ማባዣው በሥራ ላይ ሳለ ጊዜ እንዳይባክን በእነዚህ መስመሮች መካከል ሌላ ትእዛዝ ማስገባት ይቻል ነበር።

እንግዲህ ከአንድ መስመር በላይ የሚዘልቅ ትእዛዝ ያመጣው ጣጣ ከመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ጀምሮ እንደ ነበረ እዚህ ላይ እናያለን። በመካከል የገባው መስመር የማባዛቱን ሥራ የሚነካ እንደ ሆነ ስሌቱ ይበላሻል፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ግን ጥፋት የለበትም። ስሕተቱ ያለው በመስመሮቹ መያያዝ ላይ ነው። በስሕተት የተበሳ ቀዳዳ በትንሽ ቍራጭ ተለጥፎ ይደፈን ነበር። አንድ ሥራ እንዲደጋገም ሲፈለግ የጥብጣቡ ሁለት ጫፎች ተጋጥመው በሙጫ ይያያዙና እንደ መቀነት የተዘጋ ክብ ይሆናል። ሆፐር ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምቤል ጋር እየተጋገዙ ቀንና ሌሊት የሠሩት በዚህ ዓይነት ነበር።

በ1944 ጆን ፎን ኖይማን የተባሉት ታላቅ የሒሳብ ሊቅ አንድ ከባድ ስሌት ይዘው ወደ ሃርቫርድ መጡ። ስሌቱ ወደ ውስጥ ስለሚያመራ የፍንዳታ ግፊት የሚመለከት ነበር። ለምን እንደሚውል ለሠራተኞቹ አልተነገራቸውም፤ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ክፍል መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። በጥብጣብ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ከሕንጻው ውጭ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ኤይከን ሆፐርን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ቢያመለክቱም ትእዛዙ አልተነሣላቸውም። በ1946 የወጣው ይህ ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ፣ ለአንድ ኮምፒዩተር ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ በዝርዝር ካስረዱት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ነው።

የእሳት እራት

ስለ ሆፐር ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ የታወቀው የነፍሳቷ ታሪክ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማርክ 2 የተባለው ተከታይ መኪና በሃርቫርድ ሳለ ሥራው ተሰናከለ። ሠራተኞቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ በፓኔል ኤፍ፣ በ70ኛው ሪሌይ መገናኛዎች መካከል አንዲት የእሳት እራት ሞታ ተገኘች። በጥንቃቄ አውጥተው በሥራ መዝገቡ ላይ በሙጫ ወረቀት ለጠፏትና፣ በእውነት የተገኘች የመጀመሪያዋ ተባይ መሆኗን በቀልድ አስፍረው አለፉ። መዝገቡ ነፍሳቷን እንደ ያዘ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ተቋም የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጣሞ ስለሚነገር ማቃናት ያስፈልጋል። በመኪና ውስጥ የተደበቀ ጥፋትን በተባይ ስም መጥራት በዚያን ቀን የተጀመረ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፉት ደብዳቤ ላይ ቃሉን በዚሁ ፍች ተጠቅመውበታል። የመዝገቡ ቀልድም ፍሬ ያለው ቃሉ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍ የሆፐር የእጅ ጽሑፍ ነው ተብሎ አይታመንም፤ የእርሳቸው ድርሻ ታሪኩን ለብዙ ዓመታት በየአዳራሹ እየተረኩ ማስፋፋታቸው ነው። እርሳቸው ሲተርኩት ዓመቱን 1945 ይሉት እንደ ነበረም ይታወቃል፤ የስሚዝሶንያን ሙዚየም ግን መዝገቡን የ1947 ነው ይለዋል። ለሙያችን ትምህርት የሚሰጠውም ይኸው ነው። ታላቅ ሰው እንኳ በገዛ ትዝታው ሊሳሳት ይችላል፤ በዕለቱ፣ በሰዓቱ፣ በሪሌዩ ቍጥር የተጻፈ መዝገብ ግን አይረሳም። ስሕተት ለቀማ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው።

ከመቅዳት ስሕተት ወደ ኮምፓይለር

የሃርቫርድ አገልግሎታቸው በ1949 ሲያበቃ ሆፐር ወደ ፊላደልፊያ ሄደው ዩኒቫክ 1ን ይሠሩ በነበሩት በኤከርትና በሞክሊ ኩባንያ በሒሳብ ባለሙያነት ተቀጠሩ። እነዚያ ዓመታት ለእርሳቸው ከባድ ነበሩ። የጦርነቱ ሥራ፣ ፍቺውና ብቸኝነቱ ተደራርበው በመጠጥ ችግር ላይ ጥለዋቸው እንደ ነበር የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ወዳጆቻቸው ደግፈዋቸው፣ ሥራውም ይዟቸው ከዚያ ወጡ። ኩባንያውም በ1950 በሬሚንግተን ራንድ ተገዛ።

በፊላደልፊያ መጀመሪያ የሠሩበት ባይናክ የተባለው መኪና በስምንት መሠረት ቍጥር የሚያስብ ነበር። ሆፐር ቀኑን ሙሉ በስምንት ሲደምሩና ሲቀንሱ ከርመው የባንክ ሒሳባቸው አልገጥም ይላቸዋል። የባንክ ሠራተኛ የነበሩት ወንድማቸው ለብዙ ሌሊት መዝገቡን ከመረመሩ በኋላ፣ እኅታቸው አልፎ አልፎ በአሥር ፈንታ በስምንት መሠረት ሲቀንሱ እንደ ነበር ደረሱበት። ከዚህ በኋላ ሆፐር ሰው የመኪናን ቋንቋ እንዲማር ከማስገደድ ይልቅ መኪና ወደ ሰው ቋንቋ እንዲቀርብ ማድረግ ይሻላል የሚል እምነት አደረባቸው።

ሌላም ምክንያት ነበራቸው። የዚያን ጊዜ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀደም ሲል ተፈትነው ትክክለኛነታቸው የታወቀ ትንንሽ ንዑስ ፕሮግራሞችን በደብተር ይይዙ ነበር። አንዱ ሲፈልግ ከሌላው ደብተር በእጁ ይገለብጣል፤ የማስታወሻ አድራሻዎቹንም ለአዲሱ ቦታ እንዲስማሙ አንድ በአንድ ይደምራል። ሆፐር ሁለት ነገር ታዘቡ፤ ሰው በመደመር ይሳሳታል፣ በመቅዳትም ይሳሳታል። ባዶ ቦታን የሚያመለክተው የዴልታ ምልክት ሲቀዳ 4 ይሆናል፤ ቢ የሚለው የላቲን ፊደል 13 ሆኖ ይገኛል። መደመርና መቅዳት ደግሞ ኮምፒዩተር የተፈጠረበት ሥራ ነው። ስለዚህ ንዑስ ፕሮግራሞቹን በማግኔት ጥብጣብ ላይ አከማችተው ለእያንዳንዳቸው መጥሪያ ቍጥር ሰጡ። ሰው ቍጥሮቹን በቅደም ተከተል ሲጽፍ መኪናው ራሱ ሰብስቦ፣ አድራሻውን አስልቶ፣ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ የሚያቀርብበትን ኤ ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። በ1952 ይህን ሥራ በፒትስበርግ በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ አቀረቡ። የሚሰበስብ ስለ ሆነ ኮምፓይለር ብለው ጠሩት። ዛሬ በዚህ ስም ከምንጠራው ይልቅ ንዑስ ፕሮግራሞችን አያይዞ የሚጭን ፕሮግራም ነው ቢባል የበለጠ ይስማማዋል፤ ቢሆንም የመንገዱ መጀመሪያ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ብልሃት በዝርዝር ሊነገር ይገባል። የመኪናው ማስታወሻ ጠባብ ስለ ነበረ ኤ ዜሮ ትእዛዞቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ያነባል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። ወደ ኋላ ዝለል የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ችግር የለም፤ ያለፈው ቦታ ይታወቃልና። ወደ ፊት ዝለል የሚል ሲመጣ ግን መድረሻው ገና አልተነበበም፤ ስለዚህም አድራሻው አይታወቅም። ሆፐር መፍትሔውን ያገኙት በኮሌጅ ሳሉ ይጫወቱት ከነበረው የቅርጫት ኳስ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የሴቶች ጨዋታ ሕግ ተጫዋቿ ኳስ ይዛ መራመድ አይፈቀድላትም። ስለዚህ ኳሱን ለጓደኛዋ ታቀብላለች፤ እርሷ ወደ ፊት ትሮጣለች፤ ጓደኛዋም መልሳ ትወረውርላታለች። ሆፐርም በማስታወሻው ዳር ላይ አንድ ገለልተኛ ጥግ ለዩ። ወደ ፊት መዝለል ያለበት ትእዛዝ ለጊዜው ወደዚያ ጥግ እንዲዘል ይደረግና ምልክት ይተዋል። ንባቡ መድረሻው ላይ ሲደርስ፣ ከጥጉ ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚያሻግር ሁለተኛ ዝላይ ይጻፋል።

ይህ ብልሃት ገና ያልተነበበን ነገር የሚጠብቅ ትእዛዝ እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል። ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ መቀጠል አይገባም፤ ባለመፈጸሙም ሥራውን ማቆም አይገባም። ቀሪ እንዳለው በግልጽ ቦታ ላይ መዝግቦ ማለፍና ቀሪው ሲመጣ መዝገቡን መዝጋት ነው። ዛሬም ከአንድ መስመር በላይ የሚዘልቅ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም በትክክል የሚሠራው ይህን ሲያደርግ ነው።

ቃልና ነጥብ

ሆፐር ከዚህ በኋላ ለንግድና ለመሥሪያ ቤት ሥራ የሚውል፣ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ፕሮግራም እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። አለቆቻቸው ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ ሊያውቅ አይችልም ብለው መለሱላቸው። ሆፐር ክርክሩን ትተው አነስተኛ ማሳያ አዘጋጁ። ከዚያም ለመኪናው ቃል ማለት የምልክት ቅርጽ እንጂ ሌላ አለመሆኑን ለማስረዳት ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ደገሙት። ውጤቱ ግን ከጠበቁት ተቃራኒ ሆነ። በፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ መኪና የባዕድ ቋንቋ ሊያውቅ መቻሉ አለቆቹን አስደነገጣቸው። በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል ገብተው ነገሩን እስኪያበርዱ ድረስ ወራት አለፉ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ ተራ ቀልድ አይደለም። የሆፐር ማሳያ ያረጋገጠው ነገር ለግእዝ ፊደልም እኩል ይሠራል፤ ለመኪናው ሁሉም ቅርጽ ነው። ይሁን እንጂ ፊደላችን ዓለም በተስማማበት የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ለአራት ነጥብ እንኳ የራሱ ቍጥር የተሰጠው በ1999 ነው። የቴክኒኩ መቻል ከታወቀ በኋላ የሰው መስማማት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የሥራው ፍሬ ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ሆነ። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ሥራ ቍጥር ይሰጠዋል፤ የሥራው ክፍሎች በነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክት ይለያሉ፤ መጨረሻው በነጥብ ይታወቃል። በስንት መስመር መጻፉ ግድ የለም። በ1959 ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሁሉም መኪና ላይ የሚሠራ አንድ የንግድ ቋንቋ ለማቆም በፔንታጎን ተሰበሰቡ። ቋንቋውን የነደፈው ኮሚቴ ዣን ሳሜትን የመሳሰሉ ባለሙያዎች የነበሩበት ሲሆን፣ ሆፐር የበላይ ኮሚቴው አማካሪ ነበሩ። ኮቦል የተባለው ይህ ቋንቋ ከፍሎው ማቲክ ብዙ ወረሰ። በዲሴምበር 1960 አንድ ዓይነት የኮቦል ፕሮግራም በዩኒቫክ 2 እና በአር ሲ ኤ 501 ላይ ሠርቶ ታየ። ፕሮግራም ከአንድ መኪና ወደ ሌላ ሊሻገር መቻሉ በተግባር ተረጋገጠ።

ኮቦል የተጻፈው 80 ዓምድ ባለው ካርድ ላይ ነበር። የትእዛዙ ቃል ከ8ኛው እስከ 72ኛው ዓምድ ይሰፍራል፤ 7ኛው ዓምድ ለልዩ ምልክት የተተወ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ከካርድ ወደ ካርድ ይዘልቃል። ቃል ከመካከሉ ከተቆረጠ በሚቀጥለው ካርድ 7ኛ ዓምድ ላይ ጭረት ይደረጋል። ሕጉ ግልጽ ይመስላል፤ ስሕተቱም የመጣው ከዚሁ ግልጽነት ነው። ለምሳሌ የደመወዝ ፕሮግራም እንውሰድ። የሠራተኛው ሰዓት ከ40 ቢበልጥ ትርፍ ሰዓቱን አስላ፣ የተሰላውንም በደመወዙ ላይ ደምር የሚል ትእዛዝ በሦስት መስመር ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው በሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ቢያደርግ፣ ሦስተኛው መስመር ከቅድመ ሁኔታው ውጭ ይወድቃል፤ ትርፍ ሰዓት ላልሠራውም ሠራተኛ የቀድሞው ሠራተኛ ሒሳብ ሊደመርለት ይችላል። ነጥቧ ከሦስተኛው መስመር ብትቀር ደግሞ፣ ለሁሉም ሊፈጸም የሚገባው አራተኛው መስመር ለጥቂቶች ብቻ ይፈጸማል። በሁለቱም ጊዜ መኪናው አይቃወምም። ሌላም አለ። በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ወደሚቀጥለው ካርድ ሲሻገር፣ እስከ 72ኛው ዓምድ ያለው የማይታይ ባዶ ቦታ ሁሉ የጽሑፉ ክፍል ሆኖ ይቈጠራል።

ይህ ሕመም የካርድ ዘመን ሲያልፍ አብሮ አላለፈም። በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ጥቅሱ ሳይዘጋ መስመሩ ያለቀበት ትእዛዝ ሲገጥመው፣ ሌላ የመጠባበቂያ ምልክት አሳይቶ ቀሪውን ይጠይቃል። በመስመር መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት ሲደረግ መስመሩ እንደሚቀጥል ይረዳል። ከጭረቱ በኋላ ግን አንድ ባዶ ቦታ ካለ ጭረቱ ባዶ ቦታውን እንጂ የመስመሩን ፍጻሜ አይሽርም፤ ትእዛዙም ከመካከሉ ይቈረጣል። ዓይን አያየውም፤ ልክ በ72ኛው ዓምድ እንደ ነበረው ባዶ ቦታ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ሁለቱም ወገን ያገኘው መድኃኒት አንድ ነው። ቦርን ቅድመ ሁኔታ የሚከፍተውን ቃል ገልብጠው መዝጊያ አደረጉት። ኮቦልም በ1985 በወጣው ደንብ ለቅድመ ሁኔታ የራሱን መዝጊያ ቃል አገኘ። የተከፈተ ነገር ሁሉ በስሙ የሚዘጋበት ሕግ፣ አንዲት ነጥብ ሁሉን የምትዘጋበትን ሕግ ተካው።

ሁለተኛው አገልግሎት

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ላይ በኮማንደር ማዕርግ ከባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር በጡረታ ተሰናበቱ። ጡረታው ግን ሰባት ወር ብቻ ቈየ። በኦገስት 1967 ለስድስት ወር ተብሎ የተጠሩበት አገልግሎት እስከ 1986 ዘለቀ። የተጠሩበት ምክንያት የባሕር ኃይሉ የኮቦል ፕሮግራሞች ከመኪና ወደ መኪና አልሻገር በማለታቸው ነበር። እያንዳንዱ ፋብሪካ ደንቡን በራሱ መንገድ ይተረጕመው ነበርና።

የሆፐር ቡድን የወሰደው መፍትሔ የስሕተት ለቃሚ ሰው መፍትሔ ነው። ፋብሪካዎቹን በደብዳቤ ከመለመን ይልቅ የኮቦልን ሕጎች አንድ በአንድ የሚፈትኑ ፕሮግራሞች ጻፉ። አንድ ኮምፓይለር ደንቡን ይጠብቃል የሚባለው ፈተናዎቹን ሲያልፍ ነው። ከዚህ በኋላ ክርክሩ በቃል ሳይሆን በውጤት ሆነ። ይህ አሠራር ከባሕር ኃይል አልፎ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተለመደ።

በ1973 የካፒቴንነት፣ በ1983 የኮሞዶርነት ማዕርግ አገኙ፤ በ1985 የማዕርጉ ስያሜ በመለወጡ ሪር አድሚራል ተባሉ። በየአገሩ እየተዘዋወሩ ሲያስተምሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሽቦዎች ያድሉ ነበር። ኤሌክትሪክ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ ሊሄድ የሚችለው ከዚያ እንደማይበልጥ ለማሳየት ነው። በቢሯቸው የተሰቀለው ሰዓት ወደ ግራ የሚዞር ነበር። ሰዓት ወደ ቀኝ እንዲዞር የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ እንደሌለ፣ ልማድ ብቻ እንደ ሆነ ለጐብኚ ሁሉ ያሳዩበት ነበር። ኦገስት 14 ቀን 1986 በቦስተን ወደብ፣ በ1797 ወደ ባሕር በወረደችው በኮንስቲቲዩሽን መርከብ ላይ በክብር ሲሰናበቱ 79 ዓመታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በባሕር ኃይሉ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ከነበሩት መኰንኖች ሁሉ በዕድሜ ይበልጡ ነበር።

ከዚያም በዲጂታል ኢኪዩፕመንት ኮርፖሬሽን በአማካሪነት ሲሠሩ ቈይተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመችው የጦር መርከብ በ1997 አገልግሎት ጀመረች። የመርከቧ ቍጥር 70 ነው፤ የእሳት እራቷ ከተገኘችበት ሪሌይ ቍጥር ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። ከሞቱ በኋላ በ2016 የነጻነት የፕሬዚዳንት ኒሻን ተሸለሙ። በ2017 ደግሞ የተማሩበት ዬል ዩኒቨርሲቲ አንዱን ኮሌጁን በስማቸው ጠራ።

የቀረልን ትምህርት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በጥድፊያ የተጻፈ ባለ ብዙ መስመር ትእዛዝ ሁኔታው ይህ ነው። በጻፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ወደ ሌላ መኪና ሲሻገር፣ ወይም መካከሉ ላይ አንድ መስመር ሲጨመርበት ይበተናል። የሆፐር ሕይወት ለዚህ ሦስት ነገር ይመክረናል። ጥፋት በተገኘ ጊዜ ቀኑን፣ ሁኔታውንና መንሥኤውን በመዝገብ ማስፈር ነው፤ ትዝታ አይበቃምና። ቀጥሎ፣ መኪናው ምን ሊያነብ እንደሚገባው ከመገመት ይልቅ ያነበበውን እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ዛሬ ሼሎች ያነበቡትን መስመርና የሚፈጽሙትን ትእዛዝ በየተራ የሚያሳዩበት መቀየሪያ አላቸው፤ የማይታየውን ባዶ ቦታም በምልክት የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። በመጨረሻም፣ ስሕተቱ ከታረመ በኋላ ያው ስሕተት ቢመለስ የሚያጋልጥ አጭር ፈተና ጽፎ ማኖር ነው። ፈተናው ከሌለ እርማቱ የአንድ ሰው ዕውቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሰውየው ሲሄድም አብሮ ይሄዳል።

ሆፐር መኪናው እንዲገባው ሰው በስምንት መቍጠር የለበትም ብለው ተነሡ፤ በዚህም አብዛኛውን ድል አደረጉ። አንድ ነገር ግን ለሰው ቀርቷል። ያሰበው ሐሳብ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለይቶ ማወቅ፣ በሚያልቅበትም ላይ ምልክቱን በትክክል ማኖር የጸሐፊው ኀላፊነት ነው። ይህን ብራና ላይ የጻፉት አበው ያውቁት ነበር፤ ትእዛዝ የምንጽፈውም ሰዎች ልናውቀው ይገባል።